እጅ የማይደርስበት ገበያ

አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ገብስ ሊገዛ የወጣ ሰው በዐይኑ ብቻ አይተማመንም። በማዳበሪያው አፍ ላይ የሚታየው ፍሬ ነጭና ድፍን ቢሆንም እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ያስገባል። ከሥር ዘግኖ ያወጣና በመዳፉ ላይ በትኖ ያየዋል፤ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራታል፤ መድረቅ አለመድረቋን ያኔ ያውቃል። ሻጩም አይቆጣም፤ እሱም ባለፈው ገበያ የሌላውን ማዳበሪያ እንዲሁ ሲፈትሽ ውሏል። እናቶቻችሁ ድንች ሲመርጡ፣ አባቶቻችሁ በግ ሲገዙ ጀርባውን ጨብጠው ላቱን በእጃቸው ሲመዝኑ አይታችኋል። ገበያ ማለት በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነው።

ብዙዎቻችሁ ግን አሁን እጅ በማይደርስበት ገበያ ታመሻላችሁ። ስልካችሁን ስትከፍቱ አንዲት ወጣት አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ካለ ሱቅ በቲክቶክ በቀጥታ ትታያለች። ጃኬቱን ከመስቀያው አውርዳ ትለብሰዋለች፣ ዞር ትላለች፣ ዚፑን ከፍታ ገበሩን ታሳያለች። ኦሪጅናል የቱርክ ነው ትላለች፤ ሦስት ብቻ ነው የቀረው፤ ክፍለ ሀገር ላላችሁ በመኪና እንልካለን፤ ዋጋ በኢንቦክስ። አንዱ ቁጥር 40 አለ ወይ ብሎ ቢጽፍ ስሙን ጠርታ ትመልስለታለች። ከተስማሙ ብሩ በቴሌብር ይሄዳል፣ የተከፈለበት ስክሪንሾት ይከተለዋል። ዕቃው በአውቶቡስ ጎንደር ይደርሳል፤ ከጎንደር መናኸሪያ ደግሞ ለሚኒባስ ረዳት ተሰጥቶ፣ የተቀባዩ ስልክ ቁጥር በፌስታሉ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎበት፣ ዳገቱን ይወጣል።

እስቲ አንድ ጥያቄ ላንሳላችሁ። በዚህ ገበያ ማታለል ኃጢአት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ እሱን አልጠይቅም። የምጠይቀው ትንሽ ረቀቅ ያለውን ነው። ምንም ዓይነት የሐሰት ዕቃ ያልሸጠ፣ እንደማንኛውም ነጋዴ ሸቀጡን አሞግሶ ያተረፈ ሰው፣ በቪዲዮ ስለሸጠ ብቻ ከማንኛውም ነጋዴ የበለጠ ዕዳ ይኖርበታል ወይ?

ነገሩ ለዓለም አዲስ አይደለም። አጀማመሩማ ቪዲዮ እንኳ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ ፍሎሪዳ በአንድ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ማስታወቂያ ያስነገረ ነጋዴ የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ አጥቶ በፋንታው 112 የኤሌክትሪክ ቆርቆሮ መክፈቻ አስረከበ። የጣቢያው ሰዎች መክፈቻዎቹን በአየር ላይ ለአድማጭ አቀረቧቸው፤ ተሸጠው አለቁ። ሰው ያላየውን ዕቃ በድምፅ ብቻ ገዛ ማለት ነው። የቴሌቪዥን ገበያ ከዚያ ተወለደ፤ በ1986 ኪውቪሲ የተባለው ትልቁ ጣቢያ ተቋቋመ። ደንበኞቹ በአብዛኛው ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሴቶች ነበሩ። ወጣቱ ቴሌቪዥኑን ትቶ ወደ ስልኩ ሲያዘነብል ነጋዴዎቹ ይህ ትውልድ በቪዲዮ ይገዛልን ይሆን እያሉ ሲጨነቁ ኖሩ፤ በመጨረሻ ኪውቪሲ ራሱ ኤፕሪል 2025 ላይ በቲክቶክ 24 ሰዓት ሙሉ መሸጥ ጀመረ። በቻይና ደግሞ ታኦባዎ የተባለው የገበያ መድረክ የቀጥታ ሽያጩን የከፈተው በ2016 ነው፤ እዚያ ጥያቄው ቶሎ መልስ አገኘ።

በእኛ ዘንድ ጥያቄውን ያነሳ ድርጅትም የለም፤ ወጣቱ ራሱ መለሰው። እኛ ከቴሌቪዥን ገበያ ወደ ስልክ ገበያ አልተሸጋገርንም፤ መካከለኛውን ደረጃ ዘለነዋል። ለብዙ የወገራ ልጅ የመጀመሪያው መስኮት ስልክ ነው፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ያው ስልክ ኪስም ሆነ። (የቀጥታ ሽያጭ አንድ ሰዓት ስታዩ የምትጨርሱትን ፓኬጅ ግን በዕቃው ዋጋ ላይ ደምሩት። ያም የዕቃው ዋጋ ነው።)

ታላላቆቻችን ይህን ሲያዩ ወጣቱ ሰነፈ፣ ለዕቃ ተገዛ ይላሉ። ክሱ ትክክል አይመስለኝም። አምባ ጊዮርጊስ ወደ 3 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። አንዲት ተማሪ ወፍራም ጃኬት ብትፈልግ በአካባቢዋ የምታገኘው ሦስት ዓይነት ቢሆን ነው፤ ዋጋውን የምታወዳድርበት ሌላ ሱቅም ላይኖር ይችላል። ቪዲዮው ምርጫ አመጣላት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አማራጭ የሌለው ገዢ በማንም ፊት ደካማ ነውና። ደግሞም ወጣቱን የሳበው የቴክኖሎጂው አዲስነት አይመስለኝም። በቴሌግራም የተለጠፈ ፎቶ ዝም ብሎ ነው የሚያያችሁ። የቀጥታ ሻጭ ግን ትጠራለች፣ ትቀልዳለች፣ ስማችሁን ታነሳለች። ወጣቱን የሚስበው ከሁሉም የቆየው ነገር ነው፤ የሰው ድምፅና የሰው ፊት። በቪዲዮው ውስጥ የገበያውን ጫጫታ መልሶ አግኝቶታል።

እጁ ግን አልተመለሰም። ጥያቄዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጎረቤታችሁ ጎንደር ሲወርድ ቅዳሜ ገበያ ብቅ ብሎ ጫማ እንዲገዛላችሁ ብትልኩት ምን ትሉታላችሁ? ብሩን ታስይዙትና «አደራ፣ ደህናውን መርጠህ» ትሉታላችሁ። በዚያች ቃል ጎረቤታችሁ ገዢም ሻጭም መሆኑ ይቀርና የእናንተ እጅ ይሆናል። የጫማውን ሶል የሚያጥፈው፣ ስፌቱን በጣቱ የሚከተለው ለእናንተ ብሎ ነው። ተቀዶ የተለጠፈ ጫማ ይዞ ቢመጣ «ተሸወደ» አትሉም፤ አይቶ እንዳላየ ካለፈው «አደራ በላ» ትሉታላችሁ። በቋንቋችን ከዚህ የሚከብድ ስድብ ብዙ የለም። በገበያ መሸነፍ አለ፤ በአደራ ግን መሸነፍ የለም፤ ያለው መጠበቅ ወይም መብላት ነው።

አሁን ወደዚያች የመገናኛ ልጅ ተመለሱ። ጨርቁን በሁለት ጣቶቿ መካከል አሻሽታ «ውፍረቱን እዩት» ስትል፣ ጣቶቹ የማን ናቸው? ጃኬቱን ለብሳ «ትከሻው ላይ አይጠብም» ስትል፣ ትከሻው የማን ነው? አምባ ጊዮርጊስ ተቀምጣ የምታየው ልጅ መንካት ስለማትችል የሻጯን ጣቶች ተውሳለች፤ መለካት ስለማትችል ትከሻዋን ተውሳለች። እንግዲያው በዚያ ቪዲዮ ውስጥ ያለችው ሴት ሁለት ሰው ናት ማለት ነው። አንደኛዋ ለራሷ የምታተርፍ ሻጭ ናት፤ ሁለተኛዋ ሩቅ ያለው ገዢ የላካት እጅ ናት። መልእክተኛው ሱቅ ውስጥ ገብቶ ከባለሱቁ ጋር በአንድ ሰውነት ተዋሐደ። ሻጯ ይህን አስባ አልገባችበትም ይሆናል። ግን ጣቶቿን ከካሜራው ፊት ባደረገች ቁጥር አደራውን ተቀብላለች ባይ ነኝ።

ይህ እውነት ከሆነ ከባድ ነገር ይከተላል፤ በገበያ ንጹሕ የነበረ ቃል በስክሪን ላይ ውሸት ሊሆን ይችላል።

በገበያ ሻጩ «እንዲህ ያለ ገብስ ዘንድሮ አይገኝም» ይላል። ገዢውም «ይሄማ ለከብት ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። ሁለቱም ያሉትን ከልባቸው አይሉትም፤ ሁለቱም ይህንኑ ያውቃሉ። መጽሐፈ ምሳሌ በ20ኛው ምዕራፍ ይህን ገዢ ያውቀዋል፤ ዕቃውን እያጣጣለ ገዝቶ ዞር ሲል በግዢው የሚኩራራውን ሰው። ያ ልማድ ያምራል አልልም። ነገር ግን ማንንም ብዙ አይጎዳም፤ ምክንያቱም ሁለቱ የፈለጉትን ሲሉ የገዢው ክንድ ማዳበሪያው ውስጥ ነው። ፍርዱን የሚሰጠው እጅ እንጂ አፍ አይደለም። እጁ ሲጠፋ ግን ያው «እንዲህ ያለ አይገኝም» የሚለው ቃል ብቻውን ይቀራል። ገዢዋ ሌላ የምትይዘው የላትም። ማሞገስ የነበረው ምስክርነት ሆነ፤ የማያምኑበትን መመስከር ደግሞ ስሙ ይታወቃል።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። በገበያችን መሸት ሲል የሚጨነቀው ሻጩ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያልሸጠውን ሽንኩርት ተሸክሞ ዳገት ከመውጣት ዋጋውን መቀነስ ይሻለዋል፤ ምራቂም ይጨምራል። ብልህ ገዢ ይህን ስለሚያውቅ ይዘገያል። ጊዜ ከገዢው ጋር ነው። በቀጥታ ቪዲዮ ግን ጊዜው ወገን ቀይሯል። «ሦስት ብቻ ቀረ»፣ «ላይቩ ሊያልቅ ነው»፣ «ቀድሞ የከፈለ ይወስዳል»። የምትጨነቀው ገዢዋ ናት። በመጋዘን ሠላሳ ጃኬት እያለ ሦስት ቀረ የሚል ሰው የዋሸው በቁጥር ብቻ አይደለም፤ ገዢዋ ከእናቷ ጋር ልትመክርበት የምትችለውን ማታ ወስዶባታል። በእውነት ሦስት ብቻ ቀርቶ ከሆነ ግን መናገሩ ደግ ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ስለሆነ ነው ነገሩ የአደራ ነገር የሚሆነው።

የሁለት ሰውነቱ ነገር ሲሰነጠቅ ምን እንደሚመስል ያሳየ አንድ ሰው አለ። ሊ ጂያቺ ቻይናዊ ነው። ናንቻንግ በምትባል ከተማ በሎሪያል መዋቢያ መሸጫ ባንኮኒ ላይ የሚቆም ተራ ሻጭ ነበር። ከዚያ በቪዲዮ መሸጥ ጀመረ። ሌሎች ሻጮች ሊፕስቲኩን በክንዳቸው ላይ አስምረው ሲያሳዩ እሱ በራሱ ከንፈር ላይ ቀባው፤ አንዱን ጠርጎ ሌላውን፣ ያንን ጠርጎ ሌላውን። በ2018 በአምስት ደቂቃ 15 ሺህ ሊፕስቲክ በመሸጥ ስሙ ናኘ። በስክሪን መሞከር የማይችሉ ሴቶች ከንፈሩን አዋሳቸው ማለት ትችላላችሁ። አይሆንም የሚለውን ቀለም አይሆንም ስለሚል አመኑት፤ ከኩባንያዎቹ ጋር ስለ እኛ ዋጋ የሚከራከር ወንድማችን ነው አሉ።

በሴፕቴምበር 2023 አንዲት ተመልካች እሱ የሚሸጠው የቅንድብ መኳያ፣ ዋጋው 79 ዩዋን፣ ተወደደ ብላ በቀጥታ ሥርጭቱ ላይ ጻፈች። እሱም ተቆጣ። ዋጋው ለዓመታት ያው ነው አለ፤ ቀጥሎም ሰው አንዳንዴ ራሱን ይመርምር፣ በእነዚህ ዓመታት ደመወዙ አድጎ እንደሆነ፣ ጠንክሮ ሠርቶ እንደሆነ ይጠይቅ የሚል ነገር ተናገረ። አገሩ ተናወጠ። እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቢሆንም ብዙ ተከታይ ጥሎት ሄደ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሰውየው ስለ መኳያው የተናገረው ውሸት አልነበረም። የተበላሸ ዕቃም አልሸጠም። አንድ የሱቅ ባለቤት ያንኑ ቢናገር ገዢዋ «ባለጌ!» ብላ ወደሚቀጥለው ሱቅ ትሄድ ነበር፤ ነገሩም በዚያው ያልቅ ነበር። በእሱ ላይ ቁጣው የበዛው ለምንድን ነው? ሰዎቹ በባንኮኒው ከእነሱ ወገን የቆመ መስሏቸው ስለነበር ነው። አደራ ብለው የላኩት ሰው እንደ ሻጭ መለሰላቸው። ያ ወንድምነት ደግሞ ሲያተርፍበት የኖረ ሀብቱ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ሰው ታሪክ ለጥያቄዬ ግማሽ መልስ ነው፤ አለመዋሸት ብቻውን የማይከፍለው ዕዳ አለ።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ እየመለሳችሁልኝ ነው። ገዢው ሕፃን አይደለም፤ ይጠንቀቅ። የሰፈራችንም ባለሱቅ ያታልላል፤ ለምን የቪዲዮውን ብቻ ትከሳለህ? ሁለቱም ደህና ክርክር ናቸው። ግን መጠንቀቅ መሣሪያ ይፈልጋል። ክንዱን ማዳበሪያ ውስጥ እንዲያስገባ የተከለከለን ሰው ተጠንቀቅ ማለት እጁን አስሮ ዋኝ እንደማለት ነው። የሰፈሩ ባለሱቅ ሲያታልል ደግሞ ነገ በር ላይ ታገኙታላችሁ፤ ለቅሶ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ሽማግሌ ትልኩበታላችሁ። የቪዲዮዋን ሻጭ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ያያታል፤ እሷ ግን አንዳችሁንም አታይም፤ ብትሰወር ደግሞ የት ብላችሁ ትፈልጓታላችሁ? እንደተረዳሁት ፊቷ ከባለሱቁ ፊት የበለጠ ይታያል፣ ከባለሱቁ ፊት ያነሰ ይገኛል። የቃል ክብደት መጨመር ያለበት በዚህ ጉድለት ልክ ነው።

በተግባር ይህ ምን ይመስላል? ከሁሉ በፊት «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ነገር እንነጋገርበት፤ ብዙዎቻችሁ እንደ ቀልድ የምታልፉት ነገር ነው። ሻጮች ምክንያት አላቸው። ተፎካካሪ ዋጋችንን አይቶ ይሰብርብናል ይላሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ላይ የውጭ ምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እየተቀያየረ፣ ዛሬ የለጠፍነው ነገ ያከስረናል ይላሉ። እነዚህን ሁለቱን አከብራቸዋለሁ። ሦስተኛ የማይነገር ምክንያት ግን አለ፤ በኢንቦክስ ውስጥ እያንዳንዱ ገዢ ብቻውን ነው። በገበያ አንዱ ጣሳ ባቄላ በስንት እንደተሸጠ አጠገባችሁ ያለችው ሴት ሰምታለች፤ ለእናንተ ሲጨመርባችሁ «አሁን ለእኔ በዚህ ሸጠህ!» ትላለች። ጮክ ተብሎ የተነገረ ዋጋ የሁሉም ነው። በጆሮ የተንሾካሾከ ዋጋ ግን እንደ ሰዉ አነጋገር፣ እንደ ፎቶው፣ ከክፍለ ሀገር እንደ መሆኑ ሊለያይ ይችላል።

ሕጋችንም በዚህ ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሸማቹም ትክክለኛና በቂ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ያው አዋጅ አንድ ሌላ ደስ የሚለኝ ነገር ይዟል። ሸማች ዕቃውን ስላየ፣ ስላማረጠ ወይም በዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ለመግዛት አይገደድም። ማየት ነጻ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ላይቭ ላይ ስለተቀመጣችሁ፣ ስማችሁም ስለተጠራ፣ ሳትገዙ መውጣት ነውር የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን አስታውሱ።

ቀጥሎ የመመለስ ጉዳይ ነው። በየሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ጽሑፉ በሱቁ ውስጥ ጨካኝ ቢመስልም ሊከራከሩለት ይቻላል፤ ነክተህ፣ ለክተህ፣ አገላብጠህ ነው የገዛኸው። ያንኑ ጽሑፍ አንሥቶ ቪዲዮ ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ገዢዋ ዕቃውን መጀመሪያ የምትነካው ፌስታሉን ስትፈታ ነው። ለእሷ ገበያው የሚጀምረው ያኔ ነው። የቻይና ሕግ ይህን ስለተረዳ ከማርች 2014 ጀምሮ በኢንተርኔት የተገዛን አብዛኛውን ዕቃ ገዢው በሰባት ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት እንዲመልስ ፈቅዷል። ኪውቪሲም ቢሆን የሕዝቡን እምነት ያገኘው ያልወደዳችሁትን መልሱ በማለቱ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ አዲስ አበባ መመለሻውን ማን ይክፈል የሚለው ግን እውነተኛ ችግር ነው፤ ትንሽ ትርፍ ያላት ሻጭ ሁሉንም ትሸከም ማለት ሱቋን ዝጊ ማለት ይሆናል። የተላከው ዕቃ በቪዲዮ ከታየው የተለየ ከሆነ ሻጯ፣ ገዢዋ ሐሳቧን ከቀየረች ገዢዋ፤ ለእኔ ፍትሕ ይህ ይመስለኛል። ከመላኩ በፊት ቢነገርማ ግማሹ ጠብ ባልተነሳ።

የገዢውን ጎን ችላ ብዬ እንዳልፍ አትፍቀዱልኝ። አደራው በአንድ በኩል ብቻ አይደለም። በተነካካ ስክሪንሾት ያልከፈለውን ከፈልኩ የሚል አለ። ላኪልኝ ብሎ ዕቃው መናኸሪያ ሲደርስ ስልኩን የሚያጠፋ አለ፤ ረዳቱ ፌስታሉን ይዞ ሲደውል ሲደውል ውሎ መልሶ ይጭነዋል፤ የሁለቱን መንገድ ሒሳብ የምትከፍለው ያቺ ልጅ ናት። «ዝም ብዬ ነው ያዘዝኩት» የሚለው መልስ ቀላል የሚመስለው ሻጯን ስለማታይዋት ነው። እሷ እናንተን ባለማየቷ የምታጎድለውን እኛም እሷን እንደ ስዕል በማየታችን እናጎድላለን።

አሁን ደግሞ ሻጭ መሆን ለምታስቡት። ከገዢነት ይልቅ ይህ ይበልጥ ያጓጓኛል፤ እስከ ዛሬ ዕቃው ከታች ወደ እኛ ሲወጣ፣ ብሩ ከእኛ ወደ ታች ሲወርድ ነው የኖረው። ቻይና ውስጥ ገበሬዎች ከእርሻቸው መካከል ቆመው ፍሬያቸውን በስልክ ይሸጣሉ። የወገራ ገብስና ባቄላ፣ የእናቶቻችሁ ፈትል ለምን አይሸጥም? መንገዱ ቀላል ነው ብዬ አላሞኛችሁም። በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለረጅም ወራት አልተመለሰም፤ ሥራውን በስልኩ ላይ የመሠረተ ሰው ደንበኛውን ሁሉ በአንድ ሌሊት አጣ። ስለዚህ የደንበኞቻችሁን ስልክ ቁጥር በደብተር ጻፉ፤ ባንኮኒውንም ጨርሳችሁ አትተዉ።

ከጎንደር ወደ እኛ ስትመጡ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለችውን ወለቃን ታውቋታላችሁ። ሴቶቹ የሸክላ ድስትና ምስል ሠርተው በመንገዱ ዳር ደርድረው ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚያልፍ እንግዳ ይሸጡ ነበር። እንግዳው ሲጠፋ ድርድሩ ቀረ። ከእናንተ አንዷ እነዚያን ድስቶች በቪዲዮ ለአዲስ አበባ ሰው ልትሸጥላቸው ብታስብ፣ ሸክላ በሁለት መኪና ተጉዞ እንዴት እንደሚደርስ፣ በጭድ ይታሸግ ወይስ በጨርቅ፣ መንገድ ላይ ቢሰበር ኪሳራው የማን እንደሚሆን አስቀድማ ከሠሪዋም ከገዢውም ጋር መነጋገር አለባት። ድስት ግን ከጃኬት የሚሻልበት አንድ ነገር አለው። እናቶች ሸክላ ሲገዙ በዐይናቸው ካዩት በኋላ በጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን ያቀርባሉ፤ ያልተሰነጠቀው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። እጅ በስልክ አያልፍም፤ ድምፅ ያልፋል። ካሜራውን ከማብራቷ በፊት ድምፁ የታፈነ አንድ ድስት ፈልጋ ከደህናዎቹ ጎን ታስቀምጥ። መጀመሪያ እሱን ታንኳኳው፣ ቀጥላ የምትሸጠውን፤ ገዢው ልዩነቱን በራሱ ጆሮ ይስማ። ከዚያ ዋጋውን ጮክ ብላ ትናገር።